የጥላ ሚና ምናባዊ ፍጡርን ከዕለታዊ ትዕይንት ጋር በሚያዋሕድ ፎቶግራፍ

የተዋሐደ ፎቶግራፍ በተለያየ ጊዜና ቦታ የተነሡ ምስሎችን በአንድ ማዕቀፍ የሚያገናኝ ሥራ ነው። ለዚህ ቅርብ የሆነው ኢትዮጵያዊ ምሳሌ የፎቶግራፍ ባለሙያው የግርማ በርታ «ሙቪንግ ሻዶውስ» የተሰኘ ተከታታይ ሥራ ነው። ባለሙያው በአዲስ አበባ መንገዶች ያነሣቸውን ሰዎች ከአካባቢያቸው ነጥሎ፣ ከነጥላቸው በደማቅ የቀለም መደብ ላይ አስቀምጧቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016ም የጌቲ ኢሜጅስ ኢንስታግራም ድጋፍ ተሸላሚ ሆኗል።

ተቃራኒው መንገድ፣ ማለትም በዕለታዊ ትዕይንት ውስጥ ምናባዊ ፍጡርን መጨመር፣ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአዳማ ከባጃጆች ጎን ክንፍ ያወጣ የጋሪ ፈረስ ቢቆም፣ ተመልካች የክንፉን እንግዳነት ይቀበላል፤ የጥላውን ስሕተት ግን አይቀበልም። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ ጥላም ከእግር ሥር ይሰበሰባል። በታኅሣሥ አጋማሽ የቀትር ጥላ የቁመትን 60 በመቶ ያህል ወደ ሰሜን ይረዝማል፤ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ አጥሮ ወደ ደቡብ ይዞራል። ስለዚህ ፈረሱ መንገዱ በተነሣበት ወቅትና ሰዓት ብርሃን፣ በተመሳሳይ የካሜራ ከፍታ መነሣት ይኖርበታል።

ስልቱ ኃላፊነትንም ያስከትላል። ክንፍ ያለው ፈረስ ማንንም አያሳስትም፤ ያልነበረ ሰው የተጨመረበት የገበያ ፎቶግራፍ ግን በማስረጃነት ሊወሰድ ይችላል። የሁለቱም አሠራር አንድ በመሆኑ፣ ልዩነቱን የሚጠብቀው ከምስሉ ሥር የሚሰፍረው መግለጫ ነው።