የመስመር መጨረሻ፦ ከቴሌፕሪንተር እስከ ኢሜይል ሰርቨር



ባለፈው ሴሚስተር አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ኮምፒውተሯን ይዛ ወደ ቢሮዬ መጣች። በዊንዶውስ ላይ የጻፈችው አጭር ፕሮግራም በሊኑክስ ሰርቨር ላይ አልሠራ ብሏታል። ሰርቨሩ ፕሮግራሙን የሚያስኬደው አስተርጓሚ አልተገኘም ይላል፤ አስተርጓሚው ግን በቦታው አለ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ኮዷን መስመር በመስመር መርምራ ስሕተት አላገኘችም፤ ስሕተቱ በዓይን የሚታይ አልነበረምና። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ የኮድ ቁጥሩ 13 የሆነ አንድ የማይታይ ምልክት ተቀምጦ ነበር። ሰርቨሩም ያንን ምልክት የአስተርጓሚው ስም አካል አድርጎ ቆጥሮታል። «ይህ ነገር ከየት መጣ?» ስትል ጠየቀችኝ። የዛሬው ንግግሬ በዚያ ቀን ከሰጠኋት ረዘም ያለ መልስ ነው።

በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ማመልከቻ የሚጽፉትን ባለ ጽሕፈት መኪናዎች አስታውሱ። መስመር ሲያልቅ ጸሐፊው በግራ በኩል ያለውን ዘንግ ይገፋል። በዚያች አንዲት እንቅስቃሴ ወረቀቱን የያዘው ተንሸራታች ክፍል ወደ መስመሩ መነሻ ይመለሳል፤ ወረቀቱም አንድ መስመር ያህል ወደ ላይ ይሳባል። ለእጅ አንድ ሥራ ነው፤ ለመኪናው ግን ሁለት።

ጽሑፍን በሽቦ መላክ ሲጀመር እነዚህ ሁለት ሥራዎች ተለያዩ። ፈረንሳዊው ኤሚል ቦዶ እ.ኤ.አ. በ1874 ፓተንት ያስመዘገበው የቴሌግራፍ ሥርዓት ፊደላትን በአምስት ቢት ይወክል ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ኒውዚላንዳዊው ዶናልድ መሬይ ይህን ኮድ እንደገና ሲያደራጅ፣ ምንም ፊደል የማያትሙ፣ መኪናውን ብቻ የሚያዝዙ ምልክቶችን ጨመረበት። ከእነዚህ አንዱ ወደ መስመሩ መነሻ የሚመልሰው ካሪጅ ሪተርን፣ ሌላው ወደሚቀጥለው መስመር የሚያወርደው ላይን ፊድ ነው። ከዚያ ወዲህ የመልእክቱ ይዘትና ለመኪናው የሚሰጠው ትእዛዝ በአንድ ሽቦ፣ በአንድ ኮድ፣ ጎን ለጎን መጓዝ ጀመሩ። የችግራችን ሥር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የአስኪ መለያ ኮድ ሁለቱንም ትእዛዞች ወረሰ፤ ላይን ፊድ 10፣ ካሪጅ ሪተርን 13 ሆኑ። በዚያው ዘመን ገበያ ላይ የዋለው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 የተሰኘው ማተሚያ በሰከንድ 10 ምልክቶችን ያትም ነበር። ለአንድ ምልክት የሚደርሰው ጊዜ የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ብቻ ነው። የማተሚያው ራስ ከወረቀቱ ቀኝ ጠርዝ ወደ ግራ ለመመለስ ግን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ከካሪጅ ሪተርን ቀጥሎ ወዲያው ፊደል ከተላከ፣ ፊደሉ ራሱ በጉዞ ላይ ሳለ በወረቀቱ መካከል ይታተማል። ስለዚህ መጀመሪያ 13፣ ቀጥሎ 10 መላክ ልማድ ሆነ፤ ወረቀቱ እስኪሳብ ድረስ ራሱ ከቦታው ይደርሳል። ያም ካልበቃ ምንም የማይሠራ ባዶ ምልክት ይጨመር ነበር።

ብዙ መጻሕፍት ሁለቱ ምልክቶች የተለዩት በዚህ የጊዜ ችግር ምክንያት ነው ይላሉ። እኔ አልቀበለውም፤ ልዩነቱ ከሞዴል 33 በ60 ዓመት ገደማ ይቀድማልና። መለያየታቸው ራሱን የቻለ ጥቅምም ነበረው፦ ካሪጅ ሪተርን ብቻውን ሲላክ በተጻፈው መስመር ላይ ደግሞ ለማተም፣ ለምሳሌ ከቃል በታች ለማስመር፣ ያስችላል። የጊዜው ችግር የወሰነው ቅደም ተከተላቸውን ነው።

ጽሑፍ በዲስክ ላይ መቀመጥ ሲጀምር ግን አዲስ ጥያቄ ተነሣ፦ ስለ ማተሚያው የሚያውቀው ማን ይሁን? ፋይሉ ወይስ መሣሪያውን የሚነዳው ፕሮግራም? በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው መልቲክስ የተባለው ሥርዓት፣ ከእርሱም በኋላ ዩኒክስ፣ ጥርት ያለ መልስ ሰጡ። በፋይሉ ውስጥ የመስመር መጨረሻ አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ እርሱም 10። ማተሚያው ተጨማሪ ትእዛዝ ቢያስፈልገው፣ በሚላክበት ጊዜ የመሣሪያው ነጂ ፕሮግራም ይጨምርለታል። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ እውነተኛው የሐሳብ እርምጃ ይህ ነው፤ ጽሑፉን ከወረቀቱ አላቆታልና።

ሌሎቹ ያንን መንገድ አልተከተሉም። የጌሪ ኪልዳል ሲፒኤም የቴሌታይፑን ጥንድ ምልክት እንዳለ ፋይሉ ውስጥ አስቀመጠ፤ ኤምኤስ ዶስ ከሲፒኤም፣ ዊንዶውስም ከዶስ ወረሱት። ማኪንቶሽ በበኩሉ እስከ ማክ ኦኤስ 9 ድረስ 13ን ብቻውን ተጠቀመ። የዊንዶውስ ኖትፓድ ባለ 10 ፋይሎችን በትክክል ማሳየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሙሉውን ጽሑፍ አንድ ረጅም መስመር አድርጎ ይደረድረው ነበር።

ይህ ሁሉ የተማሪዎችን እንቅልፍ ከመንሣት ያለፈ ጉዳት የለውም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ እንዲሁ አስብ ነበር።

ኢሜይል ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚተላለፍበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲጻፍ የቴሌታይፑን ጥንድ ምልክት ተቀበለ። የመልእክት ማብቂያም ነጥብ ብቻዋን የቆመችበት መስመር ናት፦ 13 እና 10፣ ነጥብ፣ እንደገና 13 እና 10። ይሁን እንጂ ለዩኒክስ ፋይሎች ሲሉ 10ን ብቻውን እንደ መስመር መጨረሻ የሚቀበሉ ለዘብተኛ ሰርቨሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ተመራማሪዎች የዚህን ልግስና ዋጋ አሳዩ። አጥቂው በመልእክቱ መካከል 10፣ ነጥብ፣ 10 ይጽፋል። ላኪው ሰርቨር ይህን እንደ ተራ ጽሑፍ አይቶ ያሳልፈዋል፤ ተቀባዩ ግን መልእክቱ አበቃ ብሎ ይረዳል። ተከትሎ የሚመጣውን ጽሑፍ እንደ አዲስ ትእዛዝ ያነበዋል፤ በዚያም ውስጥ በሌላ ሰው ስም የተጻፈ ሁለተኛ ኢሜይል አለ። ይህ ኢሜይል የመጣው ከታመነው ላኪ ሰርቨር በመሆኑ የላኪን ማንነት የሚያረጋግጠውን ፍተሻ ሊያልፍ ይችላል። እንደ ፖስትፊክስ፣ ኤክሲምና ሴንድሜይል ያሉ ታዋቂ ፕሮግራሞች ማሻሻያ ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ማሻሻያዎቹ በመሠረቱ የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ የመልእክቱን ማብቂያ ከጥንዱ ምልክት በቀር በሌላ አትቀበል።

የተማሪዋን ፋይል በተመለከተ፣ በአንድ ትእዛዝ 13ቶቹን ሁሉ ከውስጡ አጠፋናቸው፤ ፕሮግራሙም ወዲያው ሠራ። ለጥያቄዎቻችሁ ጊዜ እንዲኖር እዚህ ላይ አቆማለሁ።