ካቲኖን፦ ከጫት ቅጠል እስከ ልብ ምት

ካቲኖን በጫት ለጋ ቅጠልና ቀንበጥ ውስጥ የሚገኝ አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በመጋላ ጫት የሚሸጡ ሴቶች ዙርባውን በእርጥብ ቅጠል ሸፍነው፣ ውኃ እየረጩ ከሙቀት የሚጠብቁት ስሙን ሳይጠሩት ይህንኑ ንጥረ ነገር ለማቆየት ነው። ካቲኖን ጽናት የለውምና ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ እየጠወለገ ሲሄድ ካቲን ወደተባለ፣ ኃይሉ እጅግ ወደደከመ ንጥረ ነገር ይለወጣል። ከአወዳይ ተጭኖ ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚወጣው ጫት በመንገድ ላይ የሚጣደፈው፣ ያደረ ጫትም ዋጋው የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይንስ እዚህ ላይ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። ለተክሉ ሳይንሳዊ ስሙን የሰጠው ፎርስካል እ.ኤ.አ. በ1763 የመን ውስጥ ሞተ፤ ሥራው የታተመው በ1775 ነበር። በ1930 ካቲን በቅጠሉ ውስጥ መኖሩ ታወቀና የጫት ኃይል ምንጭ እሱ ነው ተብሎ ለብዙ ዓመታት ታመነበት። ሆኖም ካቲን ብቻውን ቃሚዎች ለምን ትኩሱን አጥብቀው እንደሚመርጡ ሊያስረዳ አልቻለም። ቤተ ሙከራዎቹ ይመረምሩት የነበረው በአብዛኛው የደረቀ ቅጠል ነበር። በ1975 የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ቤተ ሙከራ ትኩስ ቅጠል ሲመረምር ካቲኖንን አገኘ። የገበያው እውቀት ከቤተ ሙከራው ቀድሞ ነበር ማለት ይቻላል።

ካቲኖን የሚሠራው ከ9 ካርቦን፣ ከ11 ሃይድሮጅን፣ ከ1 ናይትሮጅንና ከ1 ኦክስጅን ነው። 2 ሃይድሮጅን ሲጨመርለት ካቲን ይሆናል። አምፌታሚን ከተባለው ብርቱ አነቃቂ ጋርም የቅርብ ዘመድ ነው፤ ልዩነታቸው ካቲኖን በ2 ሃይድሮጅን ፈንታ 1 ኦክስጅን መያዙ ነው። በዚህ የተነሳ ካቲኖንና ካቲን ከ1986 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብተዋል፤ ቅጠሉ ራሱ ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ጫት ሲቃም ካቲኖን ከምራቅ ጋር ይወጣና ከፊሉ በአፍ ውስጠኛ ቆዳ፣ ከፊሉ በጨጓራና በአንጀት በኩል ወደ ደም ይገባል። የነርቭ ጫፎች የሚለቋቸውን ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የተባሉ ኬሚካላዊ መልእክተኞች መልሰው የሚሰበስቡ አጓጓዥ ፕሮቲኖች አሉ። ካቲኖን እነዚህን ፕሮቲኖች ተጠቅሞ ገብቶ ሥራቸውን ይገለብጠዋል፤ ሊሰበስቡ የሚገባቸውን መልእክተኞች ወደ ውጭ ያፈሳሉ። የዶፓሚኑ መብዛት ምርቃናን ያመጣል። ኖርአድሬናሊን ደግሞ በልብ ጡንቻ ላይ ያለውን ቤታ 1 የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ሲነካ የልብ ምት ይፈጥናል፤ የደም ሥሮችም ሲጠቡ የደም ግፊት ይጨምራል።

ይህ ለውጥ የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ በሚመዘግበው በኢሲጂ ወረቀት ላይ ይነበባል። የልብን የኤሌክትሪክ ሞገዶች ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ ብሎ የሰየመው ኔዘርላንዳዊው አይንትሆቨን ነው፤ የኢሲጂን አሠራር በማግኘቱ በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ፒ የላይኞቹ የልብ ክፍሎች መነሳሳት ነው፤ ከኪው እስከ ኤስ ያለው ሹል ቅርጽ የታችኞቹ ነው፤ ቲ የታችኞቹ ወደ ዕረፍት መመለስ ነው። ዕረፍት ላይ ያለ የአዋቂ ሰው ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል። ቅርጾቹ ሳይዛቡ ምቱ ከ100 ካለፈ ሳይነስ ታኪካርዲያ ይባላል። በበርጫ ላይ ያለ ሰው ልብ ሲፈጥን በአብዛኛው የሚታየውም ይኸው ነው።

ሐኪምን ይበልጥ የሚያሳስበው በኤስና በቲ መካከል ያለው መስመር ነው። የልብን ጡንቻ የሚመግብ የደም ሥር ሲዘጋ ይህ መስመር ከመደበኛ ቦታው ወደ ላይ ሊነሳ ይችላል። ካቲኖን ሥሩን በማኮማተርም ሆነ የልብን ሥራ በማብዛት ወደዚህ ሊያደርስ እንደሚችል ይታመናል። በየመን ተካሂዶ በ2005 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ከድንገተኛ የልብ ጡንቻ ጉዳት ጋር የተያያዘ መሆኑን፣ አደጋውም አብዝተው በሚቅሙት ላይ የከፋ መሆኑን አሳይቷል። በበርጫው ላይ ሲጋራ ሲጨመር የልብ ሸክም ይበረታል።

መስመሩ ብቻውን ሁሉን አይናገርም፤ ልቡ እየተጎዳ ኢሲጂው ጤነኛ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በደም ውስጥ ትሮፖኒን ይፈለጋል። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ መኮማተርን የሚቆጣጠር ፕሮቲን ነው፤ ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም ያፈተልካል። መጠኑ እስኪጨምር ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል የመጀመሪያው ውጤት ንጹሕ ቢሆንም ምርመራው ይደገማል።

በበርጫ መካከል ደረትን የሚጨብጥ፣ ወደ ግራ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመምና ቀዝቃዛ ላብ የገጠመው ሰው ምርቃናው ሲወርድ ይለቀኛል ብሎ መጠበቅ የለበትም፤ ደም የተቋረጠበት ጡንቻ በየደቂቃው ይሞታል። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሄዶ ኢሲጂ መነሳት፣ ጫት መቃሙንና ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደቃመም ለሐኪሙ ሳይሸሽግ መናገር ይገባዋል።