የጋራ ጣራ ያለ የጋራ ሣጥን አይቆምም
ስለ ባለ ቤቶች ማኅበር ደንብና ስለ ሕንፃ ጥበቃ

አንድ ሰው ለብቻው ቤት ሲኖረው ጣራው ቢያፈስ ጠጋኙን የሚጠራው እርሱ ራሱ ነው፤ ባይጠራም የሚበሰብሰው የራሱ ንብረት፣ የሚረጥበውም የራሱ ምንጣፍ ነው። ነገር ግን አንድ መቶ ባለ ቤቶች ባንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ፣ ወይም ባንድ መንገድ፣ ባንድ የውሃ መውረጃና ባንድ የአጥር በር የሚገለገሉ የሆነ እንደ ሆነ፣ ጠጋኙን ማን ይጠራዋል? ዋጋውንስ ማን ይከፍለዋል? ዛሬ አልከፍልም የሚለውንስ ማን ያስገድደዋል? ይህ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም በልዩ ልዩ አገር የሚገኙትን ሕግ አውጪዎች፣ ዳኞችና የከተማ ሹሞች ብዙ ያደከመ ጉዳይ ነው። ስለዚህ በሌላው አገር የደረሰውን መመልከት ለአስተዳዳሪውም ለነጋዴውም የሚጠቅም ስለሆነ፣ ከዚህ በታች ባጭሩ እንገልጸዋለን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ነው ካላልን በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ጉዳይ በስፋት ያደራጀችው አገር አሜሪካ ናት። እዚያ የሚሠራበት ድርጅት ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የባለ ቤቶች ማኅበር» ይሆናል። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። አንድ የቤት ነጋዴ ሰፊ መሬት ገዝቶ መንገድ ያወጣበታል፤ ቦታውንም ይሸነሽናል፤ ቤቶቹን ለሽያጭ ከማቅረቡም አስቀድሞ አንድ የጽሑፍ ደንብ አዘጋጅቶ በመሬት መዝገብ ያስመዘግባል። ይህም ደንብ ተራ ውል አይደለም። ውል የሚያስረው የተዋዋሉትን ሰዎች ሲሆን፣ ይህ ግን ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ ቃል ኪዳን ስለሆነ፣ ቤቱ አሥር ጊዜ ቢሸጥ አሥሩንም ገዢዎች ያስራል። ገዢው ደንቡን አላነበብሁትም ቢል አይሰማለትም። ቤቱን ሲገዛ የማኅበሩ አባል ይሆናል፤ ቤቱንም እስካልሸጠ ድረስ ከአባልነት ሊወጣ አይችልም።

አባላቱ ከመካከላቸው የመረጡት ቦርድ ማኅበሩን ያስተዳድራል፣ መዋጮ ይወስናል፣ ደንብ ተላላፊውንም ይቀጣል። መዋጮውን ያልከፈለ ሰው ዕዳው በቤቱ ላይ ይመዘገብበታል፤ በብዙ ግዛቶችም ነገሩ ቤቱን በሐራጅ እስከ ማሸጥ ሊደርስ ይችላል። ይህ ሥልጣን ከልክ እንዳያልፍ፣ የካሊፎርንያ ሕግ ከ2006 ጀምሮ ዕዳው 1,800 ዶላር ያልደረሰና 12 ወርም ያልሞላው እንደ ሆነ ማኅበሩ በዚህ ምክንያት ቤት እንዳያሸጥ ከልክሏል።

አሠራሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ዕድርም የጽሑፍ ደንብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ከቀብር የቀረውን ይቀጣል፤ ወርኃዊ መዋጮውን ያስታጎለውን ይሰርዛል። ልዩነቱ ዕድርተኛ በፈቃዱ ገብቶ በፈቃዱ መውጣት ሲችል፣ የባለ ቤቶች ማኅበር አባል ግን ከቤቱ ጋር አብሮ የታሰረ መሆኑ ነው።

የዚህ ድርጅት ታሪክ ረዘም ያለ ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ግራመርሲ ፓርክ የተባለው አነስተኛ የአትክልት ስፍራ በ1831 በዙሪያው ላሉት ቦታዎች ባለቤቶች መገልገያ እንዲሆን በባለ አደራዎች እጅ ተሰጠ። እስከ ዛሬም በአጥር እንደ ተከበበ ነው፤ ቁልፉ የሚገኘው በዙሪያው ባሉት ቤቶች ዘንድ ሲሆን፣ የጥበቃውንም ወጪ በየዓመቱ የሚከፍሉት እነርሱው ናቸው። በ1929 ደግሞ በኒው ጀርሲ ግዛት ክላረንስ ስታይንና ሄንሪ ራይት የነደፉት ራድበርን የተባለው ሰፈር ተመሠረተ። በዚያም የእግረኛው መንገድ ከአውቶሞቢሉ መንገድ ተለየ፤ የጋራውን መናፈሻ የሚያስተዳድርና ደንቡን የሚያስከብር ማኅበርም ቆመ። በ1970 በመላው አሜሪካ እንዲህ ያሉት ማኅበሮች 10 ሺህ ያህል ነበሩ። በ2023 ግን ከ360 ሺህ በላይ ሆነዋል፤ በሥራቸውም የሚኖረው ሕዝብ ከ70 ሚሊዮን በላይ ነው።

ቁጥሩ እንዲህ የበዛበት ምክንያት ግልጽ ነው። የከተማው አስተዳደር አዲሱ ሰፈር ግብር እንዲከፍል ይወዳል፤ መንገዱን፣ የውሃ መውረጃውንና የመብራቱን ምሰሶ ለመጠበቅ ግን ገንዘብ ሊያወጣ አይወድም። ነጋዴውም ባነስተኛ መሬት ላይ ብዙ ቤት ሠርቶ፣ የጋራ መናፈሻና መዋኛ ገንዳ ጨምሮ በተሻለ ዋጋ መሸጥ ይፈልጋል። ገዢው ደግሞ ጎረቤቱ ግቢውን የቆሻሻ መጣያ አድርጎ የቤቱን ዋጋ እንዳያወርድበት ይሰጋል። ሦስቱም በማኅበሩ ላይ ተስማሙ፤ የዘላለሙን ሸክም የሚሸከሙት ግን ባለ ቤቶቹ ብቻ ሆኑ።

ደንቦቹም እጅግ ጥቃቅን እስከ መሆን ደርሰዋል። ሣሩ ከስንት ጣት በላይ እንዳይረዝም፣ የበሩ ቀለም ምን ዓይነት እንዲሆን፣ የቆሻሻው በርሜል በየትኛው ቀን ወደ ውጭ እንዲወጣ፣ የጭነት መኪና በደጅ እንዳያድር፣ የታጠበ ልብስ በመንገድ በኩል እንዳይሰጣ በጽሑፍ ይወሰናል። በካሊፎርንያ አንዲት ሴት ሦስት ድመቶችን በመኖሪያዋ ስላኖረች ማኅበሩ ቀጣት፤ ክርክሩም እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1994 ፍርድ ቤቱ ለማኅበሩ ፈረደ። ነገር ግን ሕግ አውጪዎቹ ይህን አይተው፣ ከ2001 ጀምሮ ባለ ቤት ሁሉ ቢያንስ አንድ የቤት እንስሳ ለማኖር እንዲችል ደነገጉ። እንደዚሁም በ2006 የአገሪቱ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ማኅበር አባሉን የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ በቤቱ ላይ እንዳይሰቅል ለመከልከል እንዳይችል አደረገ።

ከዚህም የከፋ ደንብ ነበር። ካለፈው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በብዙ ሰፈር ቤት ለጥቁር ሰው እንዳይሸጥ በመሬት መዝገብ ተጽፎ ነበር። በ1948 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከሴንት ሉዊስ ከተማ በመጣው ክርክር፣ እንዲህ ያለውን ቃል ኪዳን ማንኛውም ፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው እንደማይገባ ወሰነ፤ በ1968 ደግሞ ቤት ሲሸጥም ሆነ ሲከራይ በዘር መለየት በሕግ ተከለከለ። ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ሰዎች በስምምነት ያወጡት ደንብ ቢሆንም ከአገር ሕግና ከሰው መብት በላይ ሊሆን እንደማይችል ነው።

ይሁን እንጂ የማኅበሩ ዋና ተግባር የሣርና የቀለም ጉዳይ አይደለም። ሣርና ቀለም በዓይን ስለሚታዩ ቦርዱ በቶሎ ይቆጣባቸዋል። በግድግዳ ውስጥ ያለው ቱቦ፣ በኮንክሪት ውስጥ ያለው ፌሮ፣ ከጣራው ሥር ያለው እንጨት ግን አይታይም፤ የማይታየውም ነገር ሊረሳ ይችላል።

ነገሩን በሒሳብ እናስረዳው። መቶ ባለ ቤቶች ያሉት ሕንፃ ጣራው በ25 ዓመት አንድ ጊዜ መለወጥ የሚያስፈልገው፣ ዋጋውም 500,000 ብር ነው እንበል። የእያንዳንዱ ድርሻ 5,000 ብር ይሆናል፤ ይህም በዓመት 200 ብር ብቻ ነው። ሁሉም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ቢያስቀምጥ ጣራው በሚለወጥበት ቀን ገንዘቡ በሣጥን ይገኛል። ነገር ግን ሳይቀመጥ 24 ዓመት ያለፈ እንደ ሆነ፣ በመጨረሻው ዓመት ሁሉም 5,000 ብር ባንድ ጊዜ አምጡ ይባላሉ። በዚያን ጊዜ ጡረተኛው የለኝም ይላል፤ ትናንት የገዛው ሰው ጣራው ሲያረጅ እኔ አልነበርሁም ይላል፤ ነገ ሊሸጥ ያሰበው ደግሞ ለአንድ ዓመት ይቆይ ይላል። ቦርዱም የሚመረጠው በነዚሁ ከፋዮች ድምፅ ስለሆነ መዋጮ ለመጨመር ይፈራል። እንግዲህ ክፋት ሳይኖር፣ እያንዳንዱም ለራሱ በቂ ምክንያት እያቀረበ፣ ሕንፃው ይበሰብሳል።

ለዚህ እጅግ የሚያሳዝን ምስክር በፍሎሪዳ ግዛት፣ በማያሚ ከተማ አጠገብ፣ በውቅያኖስ ዳር የምትገኘው ሰርፍሳይድ የተባለችው ትንሽ ከተማ ናት። በዚያ በ1981 ሻምፕሌን ታወርስ ሳውዝ የተባለ 12 ፎቅና 136 መኖሪያ ቤቶች ያሉት ሕንፃ ተሠራ። በባሕር ዳር የሚኖር ሰው ጨው ያለበት እርጥበት ብረትን እንዴት እንደሚበላ ያውቃል። በ2018 ማኅበሩ የቀጠረው መሐንዲስ መርምሮ፣ በመዋኛው ገንዳ ዙሪያ ያለው ሶሌታ ውሃ መከላከያው እንደ ተበላሸ፣ ሶሌታውም ያለ ተዳፋት ስለ ተሠራ ውሃው ወደ መውረጃው እንደማይፈስና ኮንክሪቱ ክፉኛ እንደ ተጎዳ በጽሑፍ አስታወቀ። ባይታደስ ጉዳቱ እየተባዛ እንደሚሄድም አከለበት። ወጪውም 9 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገመተ።

ከዚያ በኋላ ስብሰባና ክርክር ሆነ፤ በ2019 ከቦርዱ አባላት ብዙዎቹ ሥራቸውን ለቀቁ። በ2021 የወጪው ግምት 15 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ በማኅበሩ ሣጥን የነበረው ግን አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለ ቤት እንደ ቤቱ ስፋት ከ80 ሺህ እስከ 336 ሺህ ዶላር እንዲያዋጣ ተወሰነ፤ መክፈልም የሚጀመረው በጁላይ 1 ቀን ነበር። ያ ቀን ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ በጁን 24 ቀን 2021፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሌሊት ሰው በተኛበት ሰዓት የሕንፃው ከፊል ተናደ፤ 98 ሰዎችም ሞቱ።

ለእውነት ሲባል፣ የመንግሥቱ መርማሪዎች ሶሌታው ከመነሻው በንድፉ ከሚገባው በታች ደካማ ሆኖ እንደ ተሠራ ማግኘታቸውን መጨመር ይገባናል። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በባለ ቤቶቹ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። ሆኖም ሕንፃው መመርመርና መታደስ የሚያሻው መሆኑ ከአደጋው በፊት በሦስት ዓመት ተነግሮ ሳለ ገንዘብ ባለመኖሩ መዘግየቱ የማይካድ ነው። «የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» እንደሚባለው፣ ብልሆቹ ከዚህ ትምህርት ለመውሰድ ተነሡ።

ከአደጋው በፊት በፍሎሪዳ ባለ ቤቶች ባብላጫ ድምፅ ለወደፊት ጥገና የሚቀመጠውን ገንዘብ ለማስቀረት ይችሉ ነበር። በ2022 የወጣው ሕግ ግን 3 ፎቅና ከዚያ በላይ የሆነ የጋራ ሕንፃ 30 ዓመት ሲሞላው በመሐንዲስ እንዲመረመር አዘዘ፤ ለጣራ፣ ለመሠረት፣ ለምሰሶና ለመሳሰለው የሚቀመጠውንም ገንዘብ ከ2024 መጨረሻ በኋላ በሚወጣው በጀት ማስቀረት ከለከለ። በዚህም ምክንያት መዋጮ በብዙ ሕንፃዎች እጅግ ጨመረ፤ በጡረታ የሚኖሩ ሽማግሌዎችም ቤታቸውን ለመሸጥ የተገደዱበት ጊዜ አለ። በ2025 ሕጉ ጥቂት ተሻሽሎ ማኅበሮች ገንዘቡን በብድር ጭምር ለማሟላት እንዲችሉ ተፈቀደላቸው። ይህም ለ30 ዓመት የተዘለለ ዕዳ ባንድ ዓመት ሲጠየቅ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባንድ ሕንፃ ውስጥ ስለሚኖሩ ልዩ ልዩ ባለቤቶች ደንግጎ ነበር፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ወጣ። አዋጁ ባለ ቤቶች ማኅበር እንዲያቋቁሙ፣ መተዳደሪያ ደንብ እንዲኖራቸውና ለጋራው ወጪ እንዲያዋጡ ያዝዛል። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ በጀሞ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ፣ በኮዬ ፈጬና በሌላም ስፍራ ኮንዶሚኒየም የተባሉት ሕንፃዎች በብዛት ተሠሩ። የመጀመሪያዎቹ ዛሬ 20 ዓመት ያህል ሆኗቸዋል፤ ኋላ የተሠሩት ረጃጅሞቹም አሳንሰርና የውሃ መሳቢያ አላቸው፤ እነዚህም ሳይጠገኑ የማይሠሩ ናቸው።

በዚያ አንድ ልዩ ችግር አለ። ብዙው ባለ ቤት ቤቱን አከራይቶ በሌላ ስፍራ ይኖራል። ተከራዩ የዘበኛውንና የጽዳቱን ወርኃዊ ገንዘብ ይከፍላል፤ ምክንያቱም ጥቅሙን በየቀኑ ያየዋል። ጣራውና አሸንዳው ግን የርሱ ስላልሆነ አይገደውም፤ ባለቤቱም በስብሰባ ስለማይገኝ አይሰማም። ስለዚህ ሣጥኑ ለዘበኛ ሲበቃ ለጣራ ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚህ በመነሣት አስተዳዳሪዎች ሦስት ነገር ሊያስቡበት ይገባል። አንደኛ፣ ማኅበር ተቋቁሟል ብሎ መመዝገብ ብቻውን አይበቃም፤ የጥገናው ገንዘብ ከዕለት ወጪው ተለይቶ በባንክ መቀመጡ በየዓመቱ ሊጠየቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ ሕንፃው በተወሰነ ዘመን በመሐንዲስ እንዲመረመርና ጽሑፉ ለባለ ቤቶቹ ሁሉ እንዲነበብ ማድረግ ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ መዋጮ መክፈል ያለበት በቤቱ የሚያድረው ብቻ ሳይሆን በመዝገብ ስሙ ያለው ባለ ቤት መሆኑ በግልጽ ሊታወቅ ይገባል።

ነጋዴውም ቤት ሲገዛ የቀለሙን ማማርና የወለሉን ማንጸባረቅ ብቻ አይመልከት። የማኅበሩን ቃለ ጉባኤ ያንብብ፤ በሣጥኑ ስንት ገንዘብ እንዳለ ይጠይቅ፤ ወደ ጣራውም ይውጣ። መዋጮው አነስተኛ ነው ተብሎ የሚመሰገን ሕንፃ አንዳንድ ጊዜ ዕዳውን ለሚመጣው ገዢ ያቆየ ሕንፃ ሊሆን ይችላልና።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእሳት ብቻ አይደለም። ዛሬ በዓመት 200 ብር የሚከለክለው ባለ ቤት ነገ 5,000 ብር ይጠየቃል፤ ያንንም ቢከለክል የሚጠየቀው ከገንዘብ የበለጠ ነገር ሊሆን ይችላል።