ስለ ትንንሽ ምግብ ቤቶች

በአገራችን በኢትዮጵያ እንግዳን ያለ ዋጋ ማብላት የቆየ ልማድ ስለ ሆነ፤ እንጀራን በገንዘብ መሸጥ ረዥም ዘመን እንደ ነውር ሲቈጠር ኖሮአል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. ከተቈረቈረች በኋላ፤ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ባቋቋሙ ጊዜ፤ መኳንንቱ ገንዘብ ከፍሎ መብላትን አፍረው እንደ ቀሩ፤ ዳግማዊ ምኒልክም ራሳቸው ገብተው፤ በልተው፤ ዋጋውን በመክፈል እንዳስለመዱአቸው ይተረካል። ታሪኩ በየሰዉ አፍ ጥቂት ጥቂት እየተለዋወጠ የሚነገር ቢሆንም፤ የዘመኑን አሳብ ደኅና አድርጎ ያሳያል። ሆቴሉም በጥር ወር 2007 ዓ. ም. ከባድ የእሳት ቃጠሎ ቢደርስበት ስሙ እስከ ዛሬ ሲጠራ ይኖራል።

ዛሬ ልንናገር ያሰብነው ግን ስለ ታላላቁ ሆቴል ሳይሆን፤ በየሰፈሩ ጉራንጉር ውስጥ አራት ወይም አምስት ገበታ ዘርግተው፤ ያለ ብዙ ጌጥ ከበራቸው ላይ “ሽሮ ቤት” ብለው ስለሚጽፉት ነው። እነዚህን ቤቶች የሚያዘወትረው ሰው በግንብ ሥራ የሚውል የቀን ሠራተኛ፤ የታክሲ ረዳት፤ ደመወዙ ጥቂት የሆነ ጸሓፊ፤ ወይም ከክፍለ ሀገር የመጣ ባለጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ቀድሞ ቢሆን ከዘመድ ቤት ጎራ ይል ነበር። ዛሬ ግን ዘመዱም ከሥራ ውሎ ማታ የሚገባ፤ ቤቱም ጠባብ ስለ ሆነ፤ የዘመድን ሥራ የያዘችው ባለምግብ ቤቷ ናት። በአባቶቻችን ዘንድ ያሳፍር የነበረው ሙያ የከተማውን ሠራተኛ አቁሞ የሚያውል ሙያ ሆኖአል ብንል አጋነናችሁ የሚለን ያለ አይመስለንም።

ከምግቦቹ ሁሉ የበላይነቱን የያዘው ሽሮ ነው። የድኻ ወጥ ነው እያሉ የሚንቁት አሉ፤ አሠራሩን ያየ ሰው ግን አይንቀውም። አተሩ ወይም ሽምብራው ወይም ባቄላው ተለቅሞ፤ ታምሶ፤ ተከክቶ፤ ከበርበሬ፤ ከነጭ ሽንኩርት፤ ከዝንጅብል፤ ከኮረሪማና ከሌላውም ቅመም ጋር ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ቀይ ሽንኩርቱን ታግሦ ያላቁላላ፤ ዱቄቱንም ሲበትን ፈጥኖ ያላማሰለ ሰው ወጡ ይጓጉልበታል። እንጀራውም ቢሆን በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ አብሲት ተጥሎለት የሚጋገር ስለ ሆነ፤ ዛሬ በቀትር የምንበላው ምሳ ከትናንት ወዲያ የተጀመረ ሥራ ነው። ተመጋቢው ግን ተቀምጦ አምስት ደቂቃ የዘገየበት እንደ ሆነ ጠረጴዛ ይመታል።

ሽሮ ከዚህም በቀር አንድ ሌላ ጥቅም አለው። ሥጋ በየሃይማኖቱ ሥርዓት የሚታረድ ስለ ሆነ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ የየራሱ ሥጋ ቤት አለው፤ በበሩም ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ተስሎ ይታያል። ሽሮና ምስር ግን አራጅ አይጠይቁም፤ ስለዚህ ሁለቱ ባልንጀሮች ያለ ሐሳብ ከአንድ ገበታ የሚቈርሱት በሽሮ ቤት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፤ ደግሞም በየረቡዑና በየዓርቡ፤ በያይነቱ የሚባለው ይቀርባል፤ ይኸውም ቀይ ምስሩ፤ የክኩ አልጫ፤ ጎመኑ፤ ፎሶሊያው፤ ስልጆውና ቃሪያው በአንድ እንጀራ ላይ እየተጨለፈ ነው። ቀይ ሥርና ድንች በዝቶ ምስሩ ያነሰበትን በያይነቱ ግን እኛ በያይነቱ አንለውም።

ፍስክ በሆነ ጊዜ የጉራጌ ክትፎ ይመጣል። በጣባ ሆኖ፤ ንጥር ቅቤና ሚጥሚጣ ገብቶበት፤ ከእንሰት ከሚሠራው ቆጮ፤ ከአይብና ከጎመን ጋር ሲቀርብ መዓዛው ብቻውን ያጠግባል፤ ዋጋው ግን የቀን ሠራተኛ ዘወትር የሚደፍረው አይደለም። ለዚያ ሰው ዱለት ወይም ቅቅል ይበቃዋል። ከኢጣልያን ቋንቋ ስሙ የተወረሰው ፓስታ ደግሞ ባገራችን በርበሬ ተቀልቶለት በእንጀራ ላይ ፈስሶ በእጅ ይበላል። ይህን አይቶ የሚስቅ እንግዳ ቢኖር፤ አንድ ጊዜ እንዲቀምሰው እንመክረዋለን።

ይህን ስንጽፍ የሚያሳስበን አንድ ነገር አለ። በ2016 ዓ. ም. በፒያሳ ዙሪያ፤ በዶሮ ማነቂያና በሠራተኛ ሠፈር የነበሩ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማት ምክንያት ፈርሰው፤ ነዋሪዎቹ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። የመንገድን መስፋትና የከተማን መጽዳት አንጠላም። ነገር ግን የትንሽ ምግብ ቤት ሀብቱ ድስቱና ወንበሩ ብቻ አይደለም። ባለቤቲቱ ማን ቃሪያ እንደማይበላ፤ ማን ለጨጓራው በርበሬ እንደማይስማማው፤ ማንስ በወር መጨረሻ እንደሚከፍል ታውቃለች፤ የዱቤውም ደብተር የተጻፈው በመተማመን ነው። ደንበኛው ወደ አንድ ዳርቻ፤ እርሷ ወደ ሌላ ዳርቻ የሄዱ እንደ ሆነ፤ ድስቱ በጋሪ ቢጫን ይህ ትውውቅ ግን አይጫንም። እርሷ እንደ ገና ከማያውቋት ሰዎች መካከል ትጀምራለች፤ እርሱም በኪሱ ገንዘብ በሌለ ቀን ጾሙን ያድራል።

ስለዚህ አዳዲሶቹ ሕንጻዎች በሚታሰቡበት ጊዜ፤ ከምድር ቤታቸው ኪራዩን ከሽሮ ትርፍ መክፈል የሚቻልበት አንድ ጠባብ ክፍል ቢተውላቸው መልካም ይመስለናል። ባንክና ልብስ መሸጫ ብቻ የሞላበት ሕንጻ፤ በውስጡ የሚያገለግሉትን ዘበኞችና ጠራጊዎች በቀትር ጊዜ የት ሄደው ይበሉ ዘንድ ያስባል?

ሕንጻውን የሚሠሩት ሠራተኞች እንኳ ዛሬ ምሳቸውን የሚበሉት ከግንቡ አጠገብ በቆርቆሮ ተከልሎ በተከፈተ ሽሮ ቤት ነው። ግንቡ ሲያልቅ ቆርቆሮው ይነሣል፤ ባለቤቲቱም ድስቷን ይዛ ሌላ የሚሠራ ግንብ ትፈልጋለች።