በማይታይ ብርሃን የሚለካ ቅባት

ላቦራቶሪ ውስጥ ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን ስፔክትሮፎቶሜትር ብዙ ሰው ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ብርሃን በናሙና ውስጥ አሳልፎ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ይነግራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ለእኔ ግን ስለ ልብ ሕመም ብዙ ካስተማሩን መሣሪያዎች አንዱ ነው።

ኤልዲኤል በደም ውስጥ ኮሌስትሮል ተሸክሞ የሚዞር፣ ወርዱ 22 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቅንጣት ነው። የደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ኦክሲዳይዝድ ሲሆን፣ ማለትም በኦክስጅን ሲበላሽ፣ ማክሮፌጅ የሚባሉ ሴሎች ያለ ልክ ይውጡታል፤ ቧንቧውን የሚያጠብበው የቅባት ክምችትም እንዲህ ያድጋል።

ይህ ብልሽት ሲካሄድ መከታተል የሚቻልበትን ዘዴ ኦስትሪያዊው ኬሚስት ሄርማን ኤስተርባወርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 አሳተሙ። ከደም የተለየው ኤልዲኤል ላይ ጥቂት መዳብ ይጨመራል። ቅባቱ መበላሸት ሲጀምር በሞለኪውሉ ውስጥ ያሉት ድርብ ትስስሮች ቦታ ይቀይራሉ፤ አዲሱ አሰላለፋቸውም 234 ናኖሜትር ላይ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጣል። ማቅለሚያ የሚባል ነገር አያስፈልግም። የተዋጠውን ብርሃን የሚያሳየው የግራፍ መስመር መጀመሪያ ጋደም ብሎ ይቆያል፤ ቅንጣቱ የያዘው ቫይታሚን ኢ እየተከላከለ ነውና። እሱ ሲያልቅ መስመሩ ሽቅብ ይተኮሳል። የሚለካው ያ የመቆያ ጊዜ ነው።

ለዚህ ሥራ ኩቬት የሚባለው የናሙና መያዣ ከኳርትዝ የተሠራ መሆኑ የግድ ነው፤ ተራ ብርጭቆ ይህን ብርሃን ራሱ ይውጠዋል። ኩቬቱን ጥርት ባለው ፊቱ የሚይዝ ሰው ሳይ ዝም ማለት አልችልም። የጣት ቅባት ንባቡን ያዛባል፤ እባካችሁ ሻካራውን ጎን ያዙ! ደሙ ሲቀዳ እንዳይረጋ የተጨመረው ኢዲቲኤ በሚገባ ካልወጣም መዳቡን አንቆ ይይዘዋል። መስመሩ አልነሳ ሲል ጀማሪው ጠንካራ ኤልዲኤል ያገኘ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ውጤቱን ያለ ቦታው ማንበብ ነው። መስመሩ በደማችን ውስጥ ያለውን የተበላሸ ኤልዲኤል መጠን አያሳይም፤ የሚያሳየው ቅንጣቱ መዳብን ምን ያህል እንደሚቋቋም ነው። መጠኑን ለማወቅ ሌላ ምርመራ አለ፦ ፀረ እንግዳ አካል ቅንጣቱን ይይዘዋል፣ የሚወጣው ቀለምም በብርሃን ይነበባል። ቫይታሚን ኢ የሚወስዱ ሰዎች የመቆያ ጊዜያቸው በእርግጥ ይረዝማል። ስለዚህ እንክብሉ ልብን ይጠብቃል የሚል ተስፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው፣ ከ9,000 በላይ ሰዎችን ለአራት ዓመት ተኩል ገደማ የተከታተለው ሆፕ የተባለው ጥናት ግን በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ድንገተኛ የልብ ሕመምንም ሆነ ስትሮክን እንዳልቀነሰ አሳየ። መሣሪያው አልዋሸም፤ የተጠየቀው ስለ ላቦራቶሪው ቱቦ ነበር፣ የመለሰውም ስለ ቱቦው ነው።

የኦክሲዳይዝድ ኤልዲኤል ምርመራ ዛሬም ከመደበኛ ምርመራዎች ተራ አልገባም። ሐኪማችሁ ጋ ስትቀርቡ ስለ ኤልዲኤላችሁ፣ ስለ ደም ግፊታችሁ፣ ስለ ስኳራችሁ ጠይቁ፤ የምታጨሱ ከሆነም አትደብቁት።