ንጥረ ነገሩ ወይስ ድርጊቱ? በቻርተር በረራ ላይ አደንዛዥ ዕፅ የሚጠቀም ተሳፋሪና የአውሮፕላን አዛዥ ሥልጣን

በመደበኛ የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ አንድ ተሳፋሪ ሲያውክ በቅድሚያ የሚደርሱበት የበረራ አስተናጋጆች ናቸው። አብራሪዎቹ ከተቆለፈ በር በስተጀርባ ሆነው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። አውሮፕላኑ በሙሉ ለአንድ ደንበኛ በሚከራይበት የቻርተር በረራ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። አስተናጋጅ ላይኖር ይችላል፤ በአነስተኛ አውሮፕላኖች ላይ አብራሪውን ከተሳፋሪው የሚለይ በር የለም፤ የሚያውከው ሰውም ብዙ ጊዜ ኪራዩን የከፈለው ደንበኛ ራሱ ወይም እንግዳው ነው። እንዲህ ያለው ተሳፋሪ በበረራ ላይ አደንዛዥ ዕፅ ቢጠቀም አብራሪው ምን ሊያደርግ ይችላል? ምንስ ማድረግ አለበት?

ይህ አጭር ጽሑፍ ጥያቄውን ከሕግና ከበረራ አሠራር አንጻር ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው፦ የአውሮፕላን አዛዥ ሥልጣን የተመሠረተው በንጥረ ነገሩ ሕገ ወጥነት ላይ ሳይሆን ድርጊቱ በበረራው ደኅንነትና ሥርዓት ላይ በሚያስከትለው አደጋ ላይ ነው። ይህ ልዩነት በግልጽ ካልተያዘ አብራሪው ወይ መርማሪ ፖሊስ ለመሆን ይሞክራል፣ ወይ «ይህ የእኔ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ዝም ይላል። ሁለቱም አደገኞች ናቸው።

የደጋው በረራ ልዩ ባሕርይ

በአገራችን እንደ አቢሲኒያ የበረራ አገልግሎት ያሉ ድርጅቶች ለቻርተር ከሚያሰማሯቸው አውሮፕላኖች አንዱ ሴስና ካራቫን ነው። ይህ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን በአንድ አብራሪ ሊበር ይችላል፤ የውስጥ አየር ግፊቱ በመሣሪያ አይጠበቅም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ተሳፋሪው የሚተነፍሰው ኦክስጅን እየሳሳ ይሄዳል።

በምዕራብ ደቡብ ወሎ ይህ ጉዳይ ይበልጥ ይጎላል። የአምባ ፈሪት ተራራ ወደ 4 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ አለው። በዓባይና በበሸሎ ሸለቆዎች መካከል ያለው ደጋ በላዩ የሚያልፈውን አውሮፕላን ወደዚያው ከፍታ ወይም ከዚያ በላይ እንዲወጣ ያስገድደዋል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደረጃ፣ የውስጥ አየር ግፊቱ ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ሜትር ባለው ከፍታ መጠን ላይ ከ30 ደቂቃ በላይ የሚቆይ ከሆነ ለበረራ ሠራተኞችና ቢያንስ ለተሳፋሪዎቹ 10 በመቶ ኦክስጅን እንዲያዝ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ ኦክስጅኑ ለሁሉም መሆን አለበት።

በዚህ ከፍታ ላይ ዕፅ የሚወስድ ሰው በምድር ላይ ከሚወስደው የተለየ አደጋ ይገጥመዋል። እንደ ሞርፊንና ሄሮይን ያሉት የኦፒየም ዝርያዎች አተነፋፈስን ስለሚያዳክሙ ከኦክስጅን እጥረት ጋር ሲደመሩ ንቃተ ሕሊናን ሊያስቱ ይችላሉ። አነቃቂ ንጥረ ነገሮች ደግሞ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ካናቢስን ማጨስ የራሱ ሁለት አደጋዎች አሉት። ጢሱ በጠባብ ክፍል ውስጥ ወደ አብራሪው ይደርሳል፤ ኦክስጅን በሚሰጥበት ቦታ የሚለኮስ እሳትም ቃጠሎ ያባብሳል። እ.ኤ.አ. በ1973 በፓሪስ አቅራቢያ በቫሪግ አየር መንገድ አውሮፕላን የመጸዳጃ ክፍል ውስጥ የተነሣ እሳት 123 ሰዎችን ገድሏል። የእሳቱ መነሻ የተጣለ የሲጋራ ቁራጭ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል።

አማራጭ ማረፊያም በየቦታው አይገኝም። ለመካነ ሰላም የተሰጠው የማረፊያ መለያ፣ ኤምኬኤስ፣ በዓለም አቀፍ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል፤ ይሁንና በዚህ ደጋ ላይ ችግር የገጠመው አብራሪ በአብዛኛው የሚያስበው ስለ ኮምቦልቻ፣ ስለ ላሊበላ ወይም ስለ ባሕር ዳር ነው። ሦስቱም ተራራና ሸለቆ አቋርጦ መብረርን ይጠይቃሉ።

ዓለም አቀፉ ሕግ፦ የቶኪዮ ስምምነት

በአውሮፕላን ላይ ስለሚፈጸሙ ጥፋቶች መሠረታዊው ሰነድ እ.ኤ.አ. በ1963 በቶኪዮ የተፈረመውና በ1969 በሥራ ላይ የዋለው ስምምነት ነው። ኢትዮጵያም አባል ናት። ስምምነቱ በአንቀጽ 1 ሁለት ዓይነት ድርጊቶችን ለይቷል። የመጀመሪያው በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ጥፋት ነው። ሁለተኛው፣ ወንጀል ሆነም አልሆነም፣ የአውሮፕላኑን፣ የሰዎችን ወይም የንብረትን ደኅንነት አደጋ ላይ የሚጥል፣ ወይም በአውሮፕላኑ ላይ ያለውን መልካም ሥርዓትና ዲሲፕሊን የሚያናጋ ድርጊት ነው።

«ወንጀል ሆነም አልሆነም» የሚለው ሐረግ ለአብራሪው ትልቅ ትርጉም አለው። በተሳፋሪው እጅ ያለው ዱቄት ምን እንደሆነ ማረጋገጥ አይጠበቅበትም ማለት ነው። ሐሺሽ ያጨሰም፣ ከመጠን በላይ የጠጣም፣ በሐኪም የታዘዘለትን መድኃኒት ከአልኮል ጋር የቀላቀለም ተሳፋሪ፣ የመቀመጫ ቀበቶውን ፈትቶ ወደ መሪው ቢጠጋ አደጋው አንድ ነው።

በዚህ መሠረት ስምምነቱ ለአዛዡ ሦስት ደረጃ ያለው ሥልጣን ይሰጣል። በአንቀጽ 6 መሠረት በቂ ምክንያት ካለው፣ አስሮ ማቆየትን ጨምሮ ተመጣጣኝ እርምጃ ሊወስድ ይችላል። የበረራ ሠራተኞችን እንዲረዱት ማዘዝ ይችላል፤ ተሳፋሪዎችን ግን ሊጠይቅ ወይም ሊፈቅድላቸው እንጂ ሊያስገድዳቸው አይችልም። በአንቀጽ 8 መሠረት አዋኪውን አውሮፕላኑ ባረፈበት አገር ማውረድ ይችላል። በአንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ፣ በእርሱ አስተያየት በአውሮፕላኑ ምዝገባ አገር የወንጀል ሕግ ከባድ የሆነ ጥፋት የፈጸመን ሰው ለሚመለከተው ባለሥልጣን ማስረከብ ይችላል። ይህን ሁሉ በስምምነቱ መሠረት ያደረገ አዛዥ በአንቀጽ 10 ከተጠያቂነት ይጠበቃል። ሥልጣኑ የሚጀምረው ተሳፋሪዎች ገብተው የውጭ በሮች ሁሉ ሲዘጉ ሲሆን፣ የሚያበቃው ለመውረድ አንድ በር ሲከፈት ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ ማውረድ የሚመዘነው በድርጊቱ አደገኛነት ሲሆን የንጥረ ነገሩ ሕገ ወጥነት የሚያስፈልገው ማስረከብን ለመወሰን ብቻ መሆኑን ነው።

ጫት እንደ መፈተኛ

ልዩነቱ ለኢትዮጵያዊ አብራሪ በጫት ጉዳይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጫት በአገራችን ሕጋዊ ነው፤ በወሎም ከዱዓ ሥርዓት ጋር የተቆራኘ የቆየ ማኅበራዊ ቦታ አለው። በብሪታንያ ግን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው። በአሜሪካም በውስጡ ያለው ካቲኖን ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ንጥረ ነገሮች ጋር ተመድቧል።

በኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን ጫት የሚቅም ተሳፋሪ ይዞ ወደ ብሪታንያ ቢበር፣ መቃሙ በምዝገባው አገር ሕግ ወንጀል ስላልሆነ አዛዡ በአንቀጽ 9 መሠረት ሊያስረክበው አይችልም። ተሳፋሪው ጸጥ ብሎ ከተቀመጠ በአንቀጽ 8ም ሊያወርደው ምክንያት የለውም። ነገር ግን ጫቱን ይዞ የብሪታንያን ምድር ሲረግጥ በዚያ አገር ሕግ ይጠየቃል። የአዛዡ ተግባር ከመነሣቱ በፊት ይህን ማሳወቅ ነው። በአንጻሩ፣ ሌሊቱን ሲቅም አድሮ ምርቃናውን በጨብሲ ሊሰብር በአውሮፕላኑ ውስጥ መጠጥ የጀመረ፣ ከዚያም ከሌላው ጋር የተጣላ ተሳፋሪ ቢኖር፣ ጫትም ሆነ መጠጥ ሕጋዊ መሆኑ አዛዡን ከእርምጃ አያግደውም።

የአገር ውስጥ በረራ

የቶኪዮው ስምምነት የአዛዡን ሥልጣን የሚመለከተው ምዕራፍ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ላሊበላ ለሚያርፍ ኢትዮጵያዊ አውሮፕላን በቀጥታ አይሠራም። አንቀጽ 5 በምዝገባው አገር የአየር ክልል ውስጥ ብቻ የሚጀምርና የሚያበቃን በረራ ከምዕራፉ ውጭ ያደርጋል። እዚህ የሚሠራው የአገር ሕግ ነው። የሲቪል አቪዬሽን ሥራ በሲቪል አቪዬሽን አዋጅና በሥሩ በሚወጡ ደንቦች ይመራል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 አደንዛዥና ሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮችን ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 50 ደግሞ፣ ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ የእጅ ከፍንጅ ወንጀል ሲፈጸም ማንኛውም ሰው ያለ ትእዛዝ ፈጻሚውን መያዝ እንደሚችል ይደነግጋል፤ የያዘው ሰውም ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት።

ይህ ድንጋጌ ለአብራሪው መጠጊያ ቢሆንም የሚመዝነው ወንጀሉን እንጂ የበረራውን ደኅንነት አይደለም። ስለዚህ በአገር ውስጥ ቻርተር ላይ የአብራሪውን እጅ ይበልጥ የሚያጠነክረው በኪራይ ውሉና በድርጅቱ የአሠራር መመሪያ ላይ በግልጽ የሚሰፍር ቃል ነው።

በተግባር፦ ከመነሣት በፊት፣ በአየር ላይ፣ ከማረፍ በኋላ

ከሁሉ የሚሻለው እርምጃ በምድር ላይ የሚወሰደው ነው። አብራሪው ተሳፋሪዎቹን ሲቀበል አነጋገራቸውን፣ አረማመዳቸውንና ዓይናቸውን ያስተውላል። የአሜሪካ የበረራ ደንብ፣ በተገቢ ክትትል ሥር ካለ ሕመምተኛ በስተቀር፣ በዕፅ ወይም በመጠጥ የተያዘ መስሎ የሚታይ ሰው እንዳይሳፈር አብራሪውን ያስገድዳል፤ ዕፅ መጫኑን እያወቀ አውሮፕላን ማብረርንም ይከለክላል። «መስሎ የሚታይ» የሚለው መለኪያ አስተዋይ ነው፤ ምርመራ ሳይሆን ምልከታን ይጠይቃልና። ሆኖም የስኳር ሕመምተኛ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ሲያንስ የሰከረ ሊመስል ስለሚችል ከመከልከል በፊት መጠየቅ ይገባል።

በአየር ላይ የመጀመሪያው ተግባር አውሮፕላኑን ማብረር ነው። ከዚያ አጭርና ግልጽ ትእዛዝ ይሰጣል፦ «ያጥፉት፤ ቀበቶዎን ይሰሩ።» ጢስ ካለ አብራሪው የራሱን የኦክስጅን ጭንብል ያጠልቃል፤ የንጹሕ አየር መግቢያዎችንም ይከፍታል። በአጠገቡ ያለው መቀመጫ በአዋኪው ከተያዘ ሰውየው ወደ ኋላ እንዲዛወር ይደረጋል። ትእዛዙ ካልተከበረ ለበረራ ተቆጣጣሪ ያሳውቃል፤ ወደ ተነሣበት ይመለሳል ወይም አቅራቢያ ወዳለው ማረፊያ ያመራል። ሻንጣ መፈተሽ፣ ንጥረ ነገሩን መንጠቅ ወይም መጣል የእርሱ ሥራ አይደለም። አንድ አብራሪ ብቻውን ባለበት አውሮፕላን እጅ ለእጅ መያያዝ የሁሉንም ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል፤ ማስረጃም ያጠፋል።

ካረፈ በኋላ ፖሊስ እስኪደርስ በሩን ዘግቶ ይቆያል፤ ያየውንና ያደረገውን በሰዓት ቅደም ተከተል ጽፎ ያስረክባል። ጽሑፉ «ኮኬይን ወሰደ» ሳይሆን «ነጭ ዱቄት በአፍንጫው ሲስብ አየሁ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ መሪውን ለመያዝ ሞከረ» በሚል መልክ ቢዘጋጅ በፍርድ ቤት ይበልጥ ይጸናል።

በጥር 2006 ዓ.ም. ከካናዳ ወደ አሜሪካ ኒው ጀርሲ ስለተደረገ የቻርተር በረራ በዜና አውታሮች ይፋ የሆነው ዘገባ ይህንኑ ያሳያል። የካናቢስ ጢስ ከመብዛቱ የተነሣ አብራሪዎቹ ተሳፋሪዎቹን ደጋግመው አስጠንቅቀዋል፤ በመጨረሻም የኦክስጅን ጭንብል ለማጥለቅ ተገድደዋል። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ቢፈተሽም ዕፅ አልተገኘም፤ የተከሰሰም አልነበረም። ክሱ ባይሳካም የአብራሪዎቹ እርምጃ ትክክል ነበር፤ ግቡ በረራውን በደኅና መፈጸም ነበርና።

የከፋዩ ደንበኛ ጫና

አብራሪው ሥልጣኑን እያወቀ እንዳይጠቀምበት የሚያደርገው ብዙ ጊዜ የደንበኛው ጫና ነው። በመጋቢት 1993 ዓ.ም. በአሜሪካ አስፐን አቅራቢያ አንድ የቻርተር ጀት ተከስክሶ 18 ሰዎች ሞተዋል። ጉዳዩ ከዕፅ ጋር የተያያዘ አልነበረም። ሆኖም የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከል ደንበኛው እንዲያርፉ በአዛዡ ላይ ያሳደረውን ጫና ጠቅሷል። ተራራማ መሬት፣ የሚመሽ ሰዓትና የሚቆጣ ደንበኛ ለደጋ አብራሪዎቻችንም እንግዳ አይደሉም። «አጥፉት» ለማለት የሚያመነታ አብራሪ «አላርፍም» ለማለትም ማመንታቱ አይቀርም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ማብራሪያ ሦስት ሐሳቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የቻርተር ድርጅቶች ዕፅ መጠቀም በረራን እንደሚያቋርጥና ወጪውም በደንበኛው ላይ እንደሚወድቅ በውላቸው ላይ ቢያሰፍሩ፣ አብራሪው በአየር ላይ የሚከራከርበት ነገር ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የአብራሪዎች ሥልጠና ዕፆችን በስም ከማወቅ ይልቅ አደገኛ ባሕርይን በመለየትና በመመዝገብ ላይ ቢያተኩር ይጠቅማል። ሦስተኛ፣ ለሕግ ተመራማሪዎች፣ የአዛዡ ሥልጣን በአገር ውስጥ በረራ ላይ ከቶኪዮው ስምምነት ጋር ምን ያህል እንደሚመጣጠን አንቀጽ በአንቀጽ ቢጠና ተገቢ ነው። ከአዲስ አበባ ላሊበላ የሚበር ተሳፋሪ፣ ድንበር ከሚሻገረው ያነሰ ጥበቃ የሚያገኝበት ምክንያት ሊኖር አይገባም።