ከማጂ ከፍታ እስከ ኦሞ ዳር፦ ጉብኝትና የዜጎች ሳይንስ

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያለው የማጂ ከፍታ ውሃውን ለሁለት ያካፍላል። በምሥራቅ የሚወርደው ወደ ኦሞ ገብቶ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል፤ በምዕራብ የሚወርደው በአኮቦ ወንዝ በኩል ከነጭ ዓባይ ይቀላቀላል። ባሕር ያላቸው አገሮች ጎብኚን ይዘው የኤሊ ጎጆና የባሕር ወፍ ይቆጥራሉ። ባሕር ለሌለን ለእኛ ያንን ቦታ የሚተኩት የወንዝ፣ የሐይቅና የረግረግ ዳርቻዎች ናቸው፤ የሚጎድለው በቋሚነት የሚመዘግብ ሰው ነው።

የዜጎች ሳይንስ የሚባለው ተመራማሪ ያልሆነ ሰው ያየውን በተስማሙበት ዘዴ እየመዘገበ ለጥናት ሲያቀርብ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1900 የተጀመረው የገና ሰሞን የወፍ ቆጠራ ዛሬም አልተቋረጠም (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ2002 ኢበርድ፣ በ2008 አይናቹራሊስት የተባሉት የምልከታ መመዝገቢያ መድረኮች ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ስልክ የያዘ መንገደኛ ሁሉ ያየውን ማካፈል ይችላል። በአገራችን በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ በመጽሐፍ አውጥቷል። በየጥር ወሩ በሐይቆቻችን ዙሪያ የሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራም የበጎ ፈቃደኞችን ዓይን የሚፈልግ ሥራ ነው።

የደቡብ ምዕራብ ልምድ

በካፋ ዞን በቦንጋ ዙሪያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ አሳታፊ የደን አስተዳደር ሲሠራበት ቆይቷል። ካፋ በ2010፣ ሸካ በ2012፣ ማዣንግ በ2017 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግበዋል። ለርዕሳችን ትልቁን ትምህርት የሚሰጠው ካፋ ነው። ከ2012 ጀምሮ የአካባቢው የደን ጠባቂዎች በስማርት ስልክ ቦታውን፣ ፎቶውንና ምክንያቱን እየመዘገቡ የላኩትን መረጃ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሳተላይት ምስል ጋር አስተያይተውታል። ሳተላይት የተመነጠረን ሰፊ ቦታ ያሳያል። ከትልልቅ ዛፎች ሥር ቡና ለመትከል የተመነጠረውን ቁጥቋጦ ግን ከላይ ሆኖ መለየት ይቸግረዋል። ይህን የሚያየው፣ ለምን እንደሆነም የሚያውቀው በእግሩ የሚገባው ሰው ነው። በ2012 በካፋ ደን አንበሳ መኖሩ በፎቶ ለዓለም ሲነገርም፣ ለነዋሪው ያልታወቀ ነገር አልነበረም።

በማጂ በኩል

ከማጂ በታች ያለው የኦሞ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 የተቋቋመ፣ ከ4,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ነው። ስለ አካባቢው የተጻፈው አብዛኛው ነገር የመጣው ከአላፊ መንገደኛ ነው። በ1920ዎቹ በማጂ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው አርኖልድ ሆድሰን ያየውንና ያደነውን ጽፎ በ1929 ለንደን ላይ አሳትሟል። መንገዱን ያሳዩት፣ ዱካውን ያነበቡለት የአገሩ ሰዎች ግን የራሳቸው መዝገብ አልነበራቸውም። ዛሬም ጎብኚው ፎቶውን ይዞ ይሄዳል፤ ከአካባቢው ሕዝቦች ዲዚው አስጎብኚ፣ ሱሪው ከብት ጠባቂ፣ ቀፎ ሰቃዩ የሚያውቁት በቃል ይቀራል።

ይህ ክፍተት አሁን ከምንጊዜውም የበለጠ ይጎዳል። በ2016 የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ግድብ የኦሞን ወንዝ የሙላት ልማድ ቀይሮታል፤ ሙላቱ ሲመለስ በሚተወው ደለል ላይ ያርሱ የነበሩ ማኅበረሰቦች ለውጡን በማሳቸው አይተውታል። የዳርቻው ዛፍ፣ ጉማሬና አዞስ እንዴት ሆኑ? ይህን ለመመለስ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ወቅት፣ ዓመት ከዓመት የተያዘ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ላሉት የቡና ደኖችና ከቴፒ ብዙም ለማይርቀው ቢሻን ዋቃ ሐይቅም ነገሩ ያው ነው።

ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

ሁሉም መዝገብ እኩል አይታመንም። ጎብኚ የሚሄደው መኪና በሚደርስበት፣ ዝናብ በማይኖርበት ወቅት ነው፤ ጸጥታ ሲደፈርስ ደግሞ ጭራሽ ይቀራል። ያላወቀውን ወፍ በግምት የሚሰይምም አይጠፋም፤ ስለዚህ በፎቶ ይደገፍ። «ዛሬ ምንም አልታየም» የሚለውም ይጻፍ፤ የእንስሳት መመናመን የሚታወቀው በዚህ ነው። አዳኝ የሚፈልጋቸው እንስሳት ያሉበት ትክክለኛ ቦታ በአደባባይ አይውጣ። የነዋሪዎች ምስልም ሆነ ዕውቀት ያለ ፈቃዳቸው አይወሰድ።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀን፣ ቦታ፣ የታየው ዓይነት፣ ብዛት፤ እነዚህ አራቱ ያሉበት ደብተር ለመነሻ ይበቃል። የሚያስፈልገው ባለቤት ነው፤ ባለቤቱም ያንኑ መንገድ ደጋግሞ የሚሄደው አስጎብኚና የፓርኩ ስካውት መሆን አለበት። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ያሠልጥናቸው፣ መዝገቡንም ያስቀምጥ፤ የጉብኝት ድርጅቶች የምዝገባውን ጊዜ በአበላቸው ውስጥ ያስቡላቸው። ጎብኚም ያነሳውን ፎቶ ከመሄዱ በፊት ለአስጎብኚው ይተውለት። የማጂ ዳርቻዎች መረጃ መጀመሪያ መገኘት ያለበት እዚያው ማጂ ነው።